ቁልቁል የተሰቀለው ሽማግሌ

በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤታችን ሚስ ሃሊና፣ ዩለስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ በነበረው አፓርትመንታችን፣ ወንበር ላይ ቆማ የግድግዳችንን ሥዕል ገለበጠችው።

የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሚስ ሃሊና ፖላንዳዊት ናት፤ ከእማዬ ጋር ኤርፖርት አውሮፕላን ያጸዱ ነበር። የሥራ ፈረቃቸው ስለሚለያይ ከትምህርት ቤት ወስዳ የምታቆየኝ እሷ ነበረች። ቤቷ እንስላልና የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። ከሷ ሌላ ሰው አልነበረንም።

ሥዕሉንም ከአገሯ ያመጣችልን እሷው ናት፦ ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ሳንቲም ይቆጥራል። እማዬ ጺሙን አይታ ከጻድቃን አንዱ መስሏት ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀለችው። ስንጸልይ እሱንም እጅ እንነሳው ነበር።

"ምን ነካሽ?" አለች እማዬ። "እንደ ጴጥሮስ ቁልቁል ሰቀልሽው እኮ!"

ሚስ ሃሊና ሳቀች። "አይሁዳዊ ነው እንጂ ጻድቅ አይደለም! ቅዳሜ ቅዳሜ ሲገለበጥ የቆጠረው ብር ቤት ውስጥ ይፈስሳል። አገራችን ለዕድል ይሰቀላል።"

"ሰውየው ስም የለውም?" አለች እማዬ።

"አይሁዳዊ ነው፣ በቃ።"

"አንቺ ስንት አይሁዳዊ ታውቂያለሽ?" አልኳት እኔ።

ከወንበሩ ወረደች። "አንድም" አለች። "ከከተማችን ያለቁት እኔ ሳልወለድ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተገደሉ። አያቴ ታውቃቸው ነበር። ስንጠይቃት ግን ወሬ ትቀይራለች።"

የእማዬ ፊት ጠቁሯል። እኔ ከተጣሉ ሰኞ ከትምህርት ቤት ማን ይወስደኛል እያልኩ ሁለቱንም አያለሁ።

"እኛም ጎንደር እያለን ጎረቤቶች ነበሩን፤ ቤተ እስራኤል" አለች እማዬ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እነሱ በሠሩት ድስት ወጥ እየሠራን፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እንል ነበር። አንድ ቀን ሄዱ። የሴት ልጃቸውን ስም እንኳ ረስቼዋለሁ።"

ሚስ ሃሊና ሥዕሉን አወረደችው። ሰኞ ዕለት እንደ ወትሮው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

ዛሬ ጋዜጠኛ ነኝ። ያኔ እማዬና እኔ የጠየቅናቸውን ጥያቄዎች ይዤ ባለፈው ዓመት ፖላንድ ሄጄ ነበር። ሥዕሉ አሁንም ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ይውረድ ብለው የሚከራከሩ ፖላንዳውያንም አሉ። ሻጩን የሰውየውን ስም ጠየቅኩት፤ አያውቅም።

የኛው ሥዕል መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ማንጠልጠያ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።