ከቴሌግራም ያዘዝኩት ጃኬት

መካነ ሰላም ገበያ ላይ ልብስ እሸጣለሁ። ለክረምቱ ብዬ አዲስ አበባ ካለ የቴሌግራም ነጋዴ ወፍራም ጃኬት በጅምላ አዘዝኩ፤ ብሩንም አስቀድሜ ላክሁ። ዕቃው በሚኒባስ ጣሪያ ተጭኖ መጣ። ጆንያውን ስፈታው የወጣው እንደ ነጠላ የሳሳ ጃኬት ነበር። ብደውል ነጋዴው አያነሳም፤ ቻናሉም ጠፍቷል።

ቢሆንም አውጥቼ ሰቀልኩት። ከአቀስታ በኩል የመጡ አንዲት እናት እጅጌውን በጣታቸው አሹት።

«እስቲ አላህ ያሳይሽ ልጄ፣ ይሄ ብርድ ይመልሳል?» አሉኝ።

«አይመልስም እማማ» አልኳቸው።

መናደድ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። እሳቸው ሄዱ። ዝናብ ሲጀምር ከጎኔ የምትሸጠው ሴት «አንሺው እንጂ፣ ይበሰብሳል!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ግን ተቀምጬ ሲበሰብስ አየሁት።