በመስኮት ያልወጣችው ማርዴል

ለአዲስ መጤ የምሰጣት ወረቀት አለችኝ፤ በእጄ የጻፍኳት ናት። ጎማ ሥር የሚገባ ታኮ፣ ቤቷ ዘንበል እንዳትል ከጎማው በታች የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ ውሃ ልክ፣ ለመጠጥ ውሃ አንድ ቱቦ ለፍሳሹ ደግሞ ሌላ፣ ሁለቱን ያቀላቀለ ወዮለት፣ ከዚያ ረጅም ጓንት። ዲሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰው ግን መጀመሪያ የሚገዛው ዲሹን ነው። በዚህ በአሪዞና በረሃ የተጎታች ቤቶች ሰፈር ዘበኛም አስተናጋጅም ሆኜ ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ወረቀቷን አንብቦ የጨረሰ ወንድ ገና አላየሁም።

ሊላንድ ኩሴራም አላነበባትም። ጥር ላይ ከነብራስካ በፒካፑ አዲስ ተጎታች ቤት እየጎተተ ከች አለ። ሚስቱ ማርዴል አጠገቡ ካርታ ታቅፋ ተቀምጣለች። ወረቀቷን ሳቀብለው አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተታትና ሠላሳ አምስት ዓመት የእህል ጎተራ ማሽን ሲጠግን እንደኖረ ነገረኝ። ጣውላ አልገዛም። ተጎታቿ በአራቱ ማዕዘን በእጀታ እየተሽከረከሩ የሚወርዱ እግሮች አሏት፣ ከነእግሯ ለተሸጠች ነገር ጣውላ ምን ያደርጋል አለኝ። እነዚያ እግሮች ቤቷ እንዳትወዛወዝ ደገፍ የሚያደርጉ እንጂ ክብደት የሚያነሱ አይደሉም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት የፒካፑን መስኮት ዘጋው።

ማርዴልን ያወቅኳት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ምሳ አብሳይ ነበረች፤ ሦስት መቶ ልጅ አብልታ ከሰዓት በኋላ እግሯን የማያማት ሴት። አርባ አንድ ዓመት የኖረችው በአንድ ቤት ነው። ተጎታቿን ሊላንድ የገዛት ሳያማክራት ነው፤ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግቢዋ ውስጥ ተገትራ አገኘቻት። አራት ሳህንና ሁለት ድስት ይበቃናል አላት፤ የቀረውን ዕቃ ለዘመድ አደለው። አሁን አንዳቸው ሲቆም ሌላው መቀመጥ አለበት፤ እሱ ሽንት ቤት ለመግባት እሷ አልጋው ላይ መውጣት አለባት። ይህን ስትነግረኝ እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን ካልሲ እያጣመረች ነበር፤ ቀና አላለችም። ያን ጊዜ በሳቄ አፈርኩ።

የነብራስካው ቤታቸው ገና አልተሸጠም ነበር። እዚያ ገዢ ተገኘና የሽያጩ ወረቀት ማክሰኞ ዕለት በፖስታ መጣ። ሊላንድ ቆሞ ፈረመ። የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ገዢውም ወረቀቱ እስከ ዓርብ ድረስ ፖስታ ቤት ካልገባ ሌላ ቤት እገዛለሁ ብሏል። ማርዴል ላንብበው አለች። ረቡዕም ስታነብ ዋለች፣ ሐሙስም። ባሏን እምቢ ብላው አታውቅም፤ ማንበብ ግን እምቢ ማለት አይደለም። ከፈረመች የምትመለስበት በር እንደሌለ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የማያውቀው ሊላንድ ብቻ ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ የማርዴል እንቁላል ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወደቀ። ሊላንድ ቤቷ ዘንበል ብላለች ብሎ ወጣና በበሩ በኩል ያለውን እግር በእጀታው ያሽከረክረው ጀመር። ባዞረ ቁጥር ያ ማዕዘን ብቻ ተነሳ፤ የቤቷ አካል ተጣመመ፤ በሩ መቃኑ ውስጥ ተነክሶ ቀረ። ማርዴል ከውስጥ ገፋችው፣ አልሆነም። እሱ ጭራሽ አብዝቶ አዞረና የቤቷ እግር ታጠፈ፤ ከዚያ በኋላ አልወርድም አልወጣም አለ። ቤቷን ከሥር እንዳያነሳ የፒካፑ ክሪክ አጭር ሆኖ አልደረሰለትም።

ሰፈሩ ወንበሩን ይዞ ወጣ። እዚህ ከዲሹ ይልቅ የሚታየው ጀማሪ ነው። አንዱ መሰርሰሪያ ይላል፣ ሌላው በሩን ንቀለው ይላል። ሊላንድ አንገቱ ቀልቶ ማንንም አልሰማም። በኋለኛው ግድግዳ ላይ ለአደጋ ጊዜ የሚከፈት ሰፊ መስኮት አለ፤ መሰላል አምጥቶ በዚያ እንድትወጣ ለመናት።

"ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው ሊላንድ። በመስኮት አልወጣም" አለችው።

ሰዓቱን አየ። የፖስታ መኪናው ዘጠኝ ተኩል ላይ ያልፋል፤ የከተማው ፖስታ ቤት ስልሳ ማይል ርቆ እስኪደርሱበት ስለሚዘጋ መኪናው ካመለጠ ዓርብ አለቀ ማለት ነው።

"እሺ፣ እንግዲያውስ እዚያው ፈርሚና በመስኮቱ አቀብዪኝ" አላት።

 እኔ በሕይወቴ ብዙ ጅል አይቻለሁ፤ ሚስቱን ቆልፎ ፊርማ የሚጠይቅ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ምን እየጠየቃት እንደሆነ ስላልታወቀው ነው፤ ይኸው ነው ያናደደኝ።

"መጀመሪያ በሩን ክፈትልኝ" አለች ማርዴል። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

እሱ ተመልሶ ከታጠፈው እግር ሥር ተኛ። እኔ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ማርዴል ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እስክሪብቶው ክዳኑ ወልቋል። ሁለት እጇን ብትዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ትነካለች።

"ኔቫ፣ ቤት ነበራችሁ?" አለችኝ።

"ነበረን።"

"ፈረምሽ?"

"ሃርላን ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ።" ሃርላን ባሌ ነው፤ በሁለተኛው ክረምት እዚሁ ሞተና እኔ ወደ ኋላ መንዳት ከማልችላት ተጎታች ጋር ቀረሁ።

"ደግ አደረግሁ ትያለሽ?"

ለመጤ ሁሉ የምሰጣት አንዲት መልስ አለችኝ። ፀሐይ ነው፣ በረዶ መዛቅ ቀረ፣ እንደ ወፍ ነጻ ነን እላለሁ። አፌ ድረስ መጣች። ማርዴል ግን ዓይኔን እያየችኝ ነበር፤ ውሸቴን ዋጥኩት።

"አሁንም ከእንቅልፌ ስነሳ የወጥ ቤቴን መብራት ማብሪያ ግድግዳው ላይ እፈልገዋለሁ" አልኳት። "አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እጄ አልለምድ አለ።"

 እስክሪብቶውን ከደነችው።

እኔ ቤት ትልቅ ክሪክ እንዳለኝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ከመሰላሉ ወረድኩና ላመጣው ሄድኩ፤ ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ጉልበቴ ከሚያመኝ በላይ እያነከስኩ ሄድኩ። ደርሼ ውሃ ጠጣሁ። ክሪኩ ከዕቃ ሣጥኔ አናት ላይ ነበር፣ እኔ ግን ሣጥኑን እስከ ታች በረበርኩት። የፖስታው መኪና አቧራ አንስቶ ሲመጣ በመስኮቴ አየሁት፤ ደጄ ላይ ቆመ፣ የሰፈሩን ደብዳቤ ከፖስታ ሣጥኑ ወሰደ፣ ሄደ። ከዚያ ክሪኩንና ሁለት ጣውላ ተሸክሜ ወጣሁ።

ቤቷን ከሥር አንስተን የታጠፈውን እግር ስናላቅቀው በሩ ራሱ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ማርዴል ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። ወረቀቱ በእጇ ነው፤ ከእሱ ፊርማ ጎን ያለው የእሷ መስመር ባዶ ነው።

"ፖስታው እኮ ሄደ" አላት ሊላንድ።

"ሲሄድ አይቼዋለሁ።"

አንድ ጊዜ መኪና መንገዱን አየ፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱን። ያኔ ገባው። ከፊቱ ላይ ቅላቱ ሲወርድ አየሁ፤ ባንዴ አረጀብኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለና፣ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብሎ "ይህን ያህል ጠልተሽው ነው?" አላት።

"ቤቴ ካለ አልጠላውም" አለችው። "እስከ መጋቢት አብሬህ እቆያለሁ። መጋቢት ሲገባ ወደ ቤቴ ነኝ፤ ብትመጣ ደስ ይለኛል።"

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ተመልሳ ደረጃው ላይ ከአጠገቡ ተቀመጠች፤ ሰዉ ወንበሩን እያጠፈ ተበተነ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀናሁባት እንጂ ደስ አላለኝም። መጋቢት ሲገባ፣ የበረሃው ሙቀት ሳይጀምር፣ ሰፈሩ ሁሉ ጓዙን ጭኖ ወደየቤቱ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ የሰፈሩን በር ከፍቼ ሸኝቼ እዘጋለሁ።