የሐኪሙ ሞተር የማንሻ ቀበቶ

ሱዳን ውስጥ፣ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ዳር ባለው የሞተር ጋራዥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ሸራና ቆዳ የሚሰፋ ከባድ የስፌት መኪና ፊት አስቀመጡኝ።

«ዩኒቨርሲቲ ምን ተማርሽ?»

«ስታትስቲክስ።»

«ጎሽ። እዚህ የሚቆጠር ነገር የለም፤ ስፊ።»

የተቀጠርኩት የመቀመጫ ልብስ ለመስፋት ነበር። እየቆየሁ ግን ዓይኔ ወደ ሞተሮቹ መሄድ ጀመረ። በተለይ ለአሸዋ መንገድ የሚሆኑት ረጃጅም ሞተሮች ላይ የሚገጠሙት ቀበቶዎች ይገርሙኝ ነበር። አንድ ክንድ የማይሞላ የናይለን ቁራጭ ያን ሁሉ ብረት እንዴት ያነሳል?

ጋሽ ታደሰ ሲጠየቁ አይሰለቹም። ቀበቶዎቹ ሞተሩ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ለማውጣት ናቸው። የፊቱ መጎተቻ ነው፤ የፊት ጎማውን የያዙትን ሁለት ቱቦዎች በሚያገናኘው ብረት ላይ ይታሰራል። ከታሰረ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዞራል። የፍሬኑን ቱቦ ወይም ሽቦ ከነካ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል። የኋላው ማንሻ ነው። መቀመጫው ይነሳና ቀበቶው ከሥሩ ካለው ብረት ጋር በብሎን ይጠብቃል። ጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ ፕላስቲክ ስለሆነ አይታመንም። ናይለን ሙቀት ስለማይችል ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው መራቅ አለበት። የእኔ ድርሻ ጫፉን አጥፌ በአራት ማዕዘን መስፋትና መሃሉን በመስቀል ስፌት ማጠንከር ነበር።

ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሞተሩ በማቆሚያው፣ በካባሌቶ ላይ ቆሞ፣ ባዶውን ነው። ሰው ሲቀመጥበት ምን እንደሚሆን ማንም አያይም። ጋሽ ታደሰ ወገባቸውን ስለሚያማቸው አይወጡበትም። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ ሆኜ ገበያ መሃል ሞተር ላይ ብወጣ፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈሬ ጀብራ ይደርሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሱዳናዊ የከብት ሐኪም ሞተራቸውን ይዘው መጡ። ባለፈው ጉዟቸው ብቻቸውን አሸዋ ውስጥ ሰምጠው ነበር። አውጪ እስኪያገኙ ድረስ በክትባት ሳጥናቸው ያለው በረዶ ቀለጠና ለፍየሎች የያዙት መድኃኒት ተበላሸ። አሁን በማግስቱ ጠዋት ወደዚያው ሊመለሱ ነው። ፍየሎቹ እየሞቱ ነው አሉ።

ሁለቱን ቀበቶዎች ገጠምንላቸው። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ጠረጉ። «ኸላስ፣ አለቀ። ያላ፣ በሰላም ይሂዱ።»

ወደ ጋሽ ታደሰ ጠጋ ብዬ፣ «ሳጥኑ የት እንደሚጫን ይጠይቁልኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ምላስ የለሽም? አረብኛሽ ከእኔ ይሻላል።»

መሬት መሬት እያየሁ ሐኪሙን ጠየቅኋቸው።

«ከኋላ ነዋ፣ ያ ብቲ፣ ልጄ! ጭንቅላቴ ላይ ልሸከመው?»

በር ላይ የቆሙት የረክሻ፣ የባጃጅ ነጂዎች ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።

«እንግዲያው አምጥተው ይጫኑት።»

«ለምን ሲባል?»

«እንዲያው ልየው።»

እያጉረመረሙ ሄደው ሳጥኑን ይዘው ተመለሱ። ከኋላ ጭነው በገመድ አሰሩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ማንሻው ቢሰዱ ጣታቸው እንኳ አልገባም፤ ሳጥኑ ሸፍኖታል።

ጋሽ ታደሰ፣ «ሳጥኑን አውርደው ሞተሩን ያነሱታላ» አሉ።

«ያ ሰላም! በረዶውን የሚፋጅ አሸዋ ላይ ላስቀምጠው?»

ሐኪሙ ሲቀመጡበት ደግሞ ሞተሩ ዝቅ አለና የተንጠለጠለው ቀበቶ ጎማውን ነካ። በመንገድ ላይ ቢሆን ጎማው ይጠቀልለው ነበር። ጋሽ ታደሰ ብሎን መፍቻቸውን አነሱ።

ረዘም ያለ ቀበቶ ሰፋሁ። ማርሚታው በቀኝ ስለሆነ በግራ በኩል፣ ከሳጥኑ በታች አወጣነው። እንዳይንጠለጠል፣ ሲጎተት በሚለቅ የሚጣበቅ ጨርቅ ከጎን ብረቱ ጋር ያዝኩት።

ፊት ለፊታችን ቤት ስለሚሠራ የአሸዋ ክምር ነበር። ቀበቶውን ለመሞከር ሐኪሙ የኋላ ጎማውን እዚያ ውስጥ እያሽከረከሩ አሰመጡት።

አንዱ የረክሻ ነጂ፣ «ሐኪም፣ እየቀበሩት ነው? ፋቲሓ እንቅራለት?» ብሎ ጮኸ።

ሐኪሙ ወርደው ቀበቶውን ሳቡ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ተነሱ። የሞተሩ ጀርባ ከጉድጓዱ ወጣ፤ ወደ ጎን አሳረፉት። ማንም አላገዛቸውም፤ ሳጥኑም አልወረደም።

ከጉዟቸው ሲመለሱ ወደ ጋራዡ ጎራ አሉ።

«ሰመጡ?» አልኳቸው።

«ሰመጥኩ። ወጣሁ።»

«በረዶውስ?»

«አልቀለጠም። የደረስኩባቸው ፍየሎች ተከትበዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ቀበቶሽ ግን እጅ ይልጣል።»

መያዣውን በሸራ ሸፈንኩላቸው።

አሁን ማንኛውም ደንበኛ ለቀበቶ ሲመጣ ጭነቱን ይዞ እንዲመጣ እንነግረዋለን። የማንሻ ቀበቶ የሚለካው ዕቃው ተጭኖ፣ ነጂውም ተቀምጦበት ነው።