ከእግዜር በታች ለዘበኛው

እናቴ ያቺን ከተማ እስከ ዛሬ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «እዚያ» ነው የምትላት። «እዚያ በነበርሽ ጊዜ»፣ «ያ እዚያ የገዛሽው ሹራብ»። ከለንደን በመኪና ሦስት ሰዓት ብትሆን ነው። ለእናቴ ግን ባሕር ማዶ ነበረች፤ እኛ ራሳችን ባሕር ማዶ መሆናችንን ረስታዋለች።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እዚያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። የቀረው ፎርሙን ፈርሞ መመለስ ብቻ ነበር፤ ለዚያም ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ፎርሙ ለንደን ውስጥ ኬኒንግተን ባለው የካውንስል ቤታችን፣ በኛ አገር የቀበሌ ቤት በሚባለው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከፕላስቲክ አበባው ሥር ተቀምጧል። እናቴ በየቀኑ አቧራውን ትጠርግለታለች፤ ስለሱ ግን አንድ ቃል አትተነፍስም። እኔ ስጀምር ብቻ ትመልሳለች።

«ለንደን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ጠፍቶ ነው?»

«እኔ የምፈልገው ትምህርት እዚያ ነው ያለው፣ እማዬ።»

«እሺ ይሁን። እዚያ ለማን አደራ ብዬ ልላክሽ? አንድ ሰው ጥሪልኝ። አንድ!»

የምጠራው ሰው አልነበረኝም። በአገሩ ሕግ መፈረም የምችለው እኔው ነበርኩ። አንድ ቀን እናቴ ሥራ ሄዳ ሳለ እስክሪብቶ ይዤ ፎርሙ ፊት ተቀምጬም ነበር። ያለ እሷ እሺታ እጄ እምቢ አለኝ፤ በራሴ ተናድጄ ፎርሙን ወደ አበባው ሥር መለስኩት።

ለንደን ውስጥ እኔ በአደራ ያልተሰጠሁበት ማዕዘን አልነበረም። ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ የአባቴ ጓደኛ አለ፤ ብሪክስተን ገበያ ደግሞ የቤተክርስቲያን ሴቶች ዘምቢላቸውን ይዘው ይዞራሉ። አንድ ጊዜ በሁዳዴ፣ ብሪክስተን ላይ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በርገር በላሁ። ቤት ስደርስ እናቴ አይብ እንደነበረበት ሳይቀር ታውቃለች። እንግዲህ እውነቱን ልናገርና፣ የሳበኝ ትምህርቱ ብቻ አልነበረም። ማንም አደራ ያልተባለበት ከተማ መኖሩ ነበር።

ያስታረቀን አባቴ ነው። «ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ሁላችንም ሄደን እንየው። ሳናይ አንፍረድ» አለ። አባቴ ሚኒካብ የሚሉትን በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳ ነበር። የለንደንን ጉራንጉር መንገድ ሁሉ ያውቃል፤ ካርታ ግን ስድብ ይመስለዋል። ከለንደን እንደወጣን ጠፋን። ሁለት ጊዜ አንድ ነዳጅ ማደያ ተመልሰን መጣን፤ በሁለተኛው ሻጩ እጁን አውለበለበልን።

የፈረንጅ ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። የኛው ሁዳዴ ግን አላለቀም፤ ስለዚህ ስንቃችን በተቆረጠ የፈረንጅ ዳቦ መሐል የተቀባ ምስር ወጥ ነበር። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ለወር ያህል ምስር ምስር ስትሸት ከረመች፤ አባቴ ለተሳፋሪዎቹ ምን እያለ እንዳለፈ አላውቅም። እንደደረስን የዘጠኝ ዓመት እህቴ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ተለጠፈች።

«እማዬ፣ ሉክ! የቸኮሌት እንቁላል ሃፍ ፕራይስ ነው!»

«ወተት አለበት።»

«በት ኢትስ ሃፍ ፕራይስ!»

«ወተቱም ግማሽ ነው ወይ?» አለች እናቴ፤ እሷን ጎትታ አለፈች።

ከተማዋ ታምር ነበረች። ወንዝ አለ፤ ድልድይ አለ፤ በየቦታው ብስክሌት። አባቴ ቤተ መጻሕፍቱን ባየ ጊዜ ኮፍያውን አወለቀ። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠው ትምህርት ትዝ ብሎት ይሆናል፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እናቴ ሕንጻ አላየችም። ሰው ነበር የምትፈልገው። ፀጉሯን የተሠራች አንዲት ልጅ በሩቁ ስታይ፣ «አበሻ ናት!» ብላ ሮጠች። ልጅቷ የትሪኒዳድ ሰው ሆና ተገኘች፤ እሷም እንደኛ ከተማዋን ልታይ የመጣች እንግዳ ነበረች። ደህና ተሳሳቁና ተለያዩ። እናቴ ወደኛ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«አንድም ሰው የለም» አለች። ሃምሳ ሰው በአጠገባችን እያለፈ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረን እኔ የምኖርበት የተማሪዎች ማደሪያ ብቻ ነበር። መግቢያው ላይ መስኮት ያላት ትንሽ ክፍል አለች፤ ውስጧ ቀያይ ጉንጭ ያላቸው፣ ጢማቸው የነጣ ዘበኛ ተቀምጠዋል። ተማሪዎቹ እረፍት ሄደው ስለነበር ሰው ናፍቋቸዋል መሰል፣ አስገብተው ወንበር ሰጡን፤ ሻይም አፈሉ። ወተት ሊጨምሩ ሲሉ እናቴ በእጇ ስኒውን ከደነች። «ኖ ሚልክ። ፋስቲንግ» አለቻቸው። ሰውዬው ምንም ሳይጠይቁ የራሳቸውንም ያለ ወተት ቀዱ።

እናቴ ይህን አየች። ስኒዋን አስቀምጣ ብድግ አለችና በአማርኛ ጀመረች።

«አባቴ፣ ይቺ ልጄ ናት። እዚህ ወገን የላትም። ከእግዜር በታች ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። አደራ!» ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያቸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አደራ ሽሽት ሦስት ሰዓት ተጉዤ፣ አደራው ቀድሞኝ ገብቷል! በእንግሊዝኛ፣ «እናቴ በሩ በስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው ትላለች» አልኳቸው።

«ከምሽቱ በአምስት ሰዓት» አሉ።

«እኔ ስለ በር አልጠየቅኩም» አለች እናቴ።

ለካ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ወለል ስትጠርግ ጆሮዋ ሥራ አልፈታም። እኔን በክርኗ ገፋ አድርጋ ሰውዬው ፊት ቆመች። ደረቴ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ቀጥሎ ወደ ሰማይ ጠቆመች፤ በመጨረሻ ወደሳቸው።

«ማይ ዶተር። አፍተር ጎድ፣ ዩ።»

ሰውዬው ከወንበራቸው ተነሡ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ዘረጉላት። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። «ራይት ዩ አር፣ ማዳም» አሉ፤ «እሺ» ማለታቸው ነው፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ሰጠቻቸው። ባዶ እጇን አደራ የምትል ሴት አይደለችም።

ቤት እንደገባን ኮቷን ሳታወልቅ ፎርሙን ከአበባው ሥር አወጣች። «በይ፣ አክሴፕት አድርጊ» አለችኝ። ፈረምኩ፤ አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷም ምስሩ የነካውን መዳፏን ከፀጉሬ አርቃ አቀፈችኝ።

ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ዘበኛው ይህን ማን እንደነገራቸው እንጃ። ባለፍኩ ቁጥር «በልተሻል?» ይሉኛል። አምስት ሰዓት ካለፈ ሰዓታቸውን እያዩ ያስላሉ። ብሪክስተን የቀሩት የቤተክርስቲያን ሴቶች ሁሉ ባንድ ኮፍያ ሥር ተጠቃለው የመጡብኝ መሰለኝ። እናቴ ደግሞ እሑድ እሑድ ስልክ የምትደውለው ለእኔ አይደለም፤ ለሳቸው ነው።

«ሃሎ። ዶተር ጉድ?»

«ቬሪ ጉድ፣ ማዳም።»

«ኢት?»

«ኢት። የስ።»

«ጎድ ብለስ ዩ።»

በዚህ ዓይነት ከሁለት ዓመት በላይ አወሩ። በመጨረሻው ዓመት፣ የፈረንጅ ገና ሰሞን፣ የምመረቅበትን ቀን ጠይቀውኝ ጡረታ ወጡ፤ እናቴ ለአዲሱ ዘበኛ አንድም ቀን አልደወለችም።

የምመረቅ ቀን ቤተሰቡ እንደገና መጣ፤ ምስሩም አብሮ መጣ፤ የሰኔ ጾም ነበር። እናቴን ከአስተማሪዬ ጋር አስተዋወቅኳት። በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና ወደ ማደሪያው አመራች።

«እማዬ፣ ሄደዋል አልኩሽ እኮ! ጡረታ ወጥተዋል።»

«ይመጣሉ» አለች።

ማደሪያው በር ላይ ቆመዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራባታቸው ጠመም ብሏል። «ሰላም» እንኳ ሳይሉን እጄን ያዙና ወስደው እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«ሂር ሺ ኢዝ፣ ማዳም» አሉ። «ኦል ኦፍ ኸር።»

አደራ እንደሚመለስ እኔ ነግሬያቸው አላውቅም። ቃሉን እንኳ ተርጉሜላቸው አላውቅም። እናቴ ትከሻቸውን ሳመች፤ ከዚያ እጄን ሳትለቅ ወደ እኔ ዞረች።

«ንገሪያቸው» አለችኝ። «ከእግዜር በታች የሰጠሁዎትን ልጄን ተረክቤያለሁ በያቸው። ስለ በር እንዳታወሪ!»

አንድም ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩላቸው።