አክስቴ የተኮሰችው አንሶላ

ሥራዋን ሲጠይቋት አክስቴ «ተኳሽ ነኝ» ትላለች። ጠያቂው ደንገጥ ሲል ትንሽ ታቆየውና «የአንሶላ» ብላ ትጨምራለች። ይህን ቀልድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። እሷ ግን ዛሬም ገና አሁን እንደመጣላት ሁሉ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።

የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ስለሆኑ ከውጭው ዓለም የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ግድግዳው ዓመቱን ሙሉ ያልበዋል። በወዲያ በኩል ትልልቆቹ ማሽኖች ያጉረመርማሉ፤ በወዲህ በኩል የአክስቴ ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ ጥጋጥጉ በካውያ ሙቀት የጠቆረ። ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ስወጣ እዚያ ወርጄ የአንሶላ ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። ማሽኖቹ ስለሚጮሁ ማንም ብዙ እንዳወራ አይጠብቅብኝም፤ ለእኔ ዓይነቷ ዓይነ አፋር ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

አክስቴ ስትተኩስ የራሷ ደንብ አላት። አንሶላውን ትዘረጋና በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች። ከዚያ ካውያውን እያንሸራተተች፣ «ጌታዬ፣ እዚህ ላይ የሚተኛውን አንተ ታውቀዋለህ» ትላለች። ሌላ ነገር አትጨምርም። አጥፋ ታስቀምጠውና ሌላውን ታነሳለች፤ ለእሱም እንደዚያው። የቸኮለች ቀን እንኳን አንዱንም በዝምታ አታልፈውም።

ማሽኖቹን የሚያሠራው ባልደረባዋ ጎርፉ ይባላል። ስሙ የወጣለት ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው፤ ማሽኑ ውሃውን ደፍቶ ሳይጨርስ በሩን ከፍቶ ምድር ቤቱን አጥለቀለቀው። አክስቴ ያን ቀን ጫማዋን በእጇ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ነበር አሉ። ጎርፉ ለጸሎቷ ግድ ያለው አይመስልም።

«እትዬ፣ ለየአንሶላው ከምትነግሪው፣ አንዴ ለሁሉም ንገሪውና እንገላገል» ይላታል።

«አንተስ ሁለቱን ካልሲህን ባንድ እግርህ ታጠልቃለህ?» ትለዋለች፤ ካውያዋንም አታቆምም።

ከዚያ እናቴ ታመመች።

እናቴ ለአክስቴ ታላቅ እህቷ ብቻ አይደለችም። አያቴ ስትሞት አክስቴ ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ስለነበረች፣ አዝላ ያሳደገቻት እናቴ ናት። የአክስቴ ፀጉር ሸብቶም እንኳን «ሚጢጢ» ነው የምትላት። በእናቴ ሆድ ውስጥ ዕጢ ተገኘና ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ተነገረን። የተኛችውም እዚያው አክስቴ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ ላይኛው ፎቅ ነበር።

በማግስቱ ምድር ቤት ስወርድ አክስቴ ትተኩሳለች፤ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። በማሽኖቹ ጩኸት ያልሰማኋት መስሎኝ ቀረብ አልኩ።

«አክስቴ፣ ዛሬ አትጸልዪም?»

«እምቢ አለኝ።»

«ምኑ?»

«አፌ ነዋ።» ካውያውን አቆመችው። «ለማላውቀው ሰው ስለምን እኮ መልሱን ሰምቼ አላውቅም። ይዳን አይዳን ማን ይነግረኛል? ለምኜ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። አሁን ግን መልሱን እዚሁ ቆሜ ልሰማው ነው። እምቢ ቢለኝስ? ከዚያ በኋላ በምን አፌ አናግረዋለሁ?»

ግጥም ስለተማርኩ ቤተሰቤ ቃል የማጣ አይመስለውም። እኔ ግን የእጇን ጀርባ ብቻ ዳበስኩላት።

የቀዶ ጥገናው ቀን ሊደርስ ሲል፣ አክስቴ ከመደርደሪያው አንድ አዲስ አንሶላ መርጣ አወረደች። አፏ ያልቻለውን እጇ እንዲሠራ የፈለገች ይመስለኛል። አንዴ ተኩሳው፣ ገልብጣ ደገመችው፤ ስፌቱን በጣቷ እየተከተለች አለሰለሰችው። ረፋዱን በሙሉ በዚያ አንድ አንሶላ ላይ ዋለች። ሌሎቹ ሲቆለሉ ጎርፉ እያጉረመረመ ሁለተኛውን ካውያ አነሳ። ስትጨርስ፣ ሁልጊዜ ወደ ውጭ የምታደርገውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፈችውና ላይ ላለችው ወዳጇ ነርስ «ጠርዙ ወደ ውስጥ የገባው የእህቴ ነው» ብላ ከሌሎቹ አንሶላዎች ጋር ላከችላት።

ነርሷ ግን ፈረቃዋን ጨርሳ ሄዳ ነበር። በቦታዋ የተተካችውን ስለ ጠርዙ የነገራት የለም፤ ከላይ ያገኘችውን እያነሳች አነጠፈች።

በመጠየቂያ ሰዓት አብረን ወጣን። አክስቴ ገና ከበሩ ዓይኗ የእናቴ አልጋ ላይ አረፈ። አንሶላው መሐሉ ላይ ጣት የሚያህል እጥፋት አለው፤ ጥጉም በትክክል አልተተኮሰም። ዞር ስትል ያ ልስልስ አንሶላ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተነጥፏል። እዚያ የተኙት ጠያቂ መጥቶላቸው የማያውቅ፣ ከነርሶቹ ጋር ሲጨቃጨቁ የሚውሉ አሮጊት ናቸው። ዛሬ ግን ጉንጫቸውን አንሶላው ላይ አስደግፈው በጸጥታ ተኝተዋል።

«ያ ያንቺ አንሶላ ነው» አለቻት አክስቴ እናቴን። «አሁኑኑ ይቀየራል።»

እናቴ ታሪኩን ሰማችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሚጢጢ፣ ከተኛ ሰው ሥር አንሶላ ልትነጥቂ ነው?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ። «ማንም አይነካኝም!» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸው ላላ አለ። «ከመጣሁ ጎኔ ያረፈው ዛሬ ነው።»

አክስቴ ሄዳ ብርድ ልብሳቸውን እስከ ትከሻቸው ሳብ አደረገችላቸውና ወጣች። ተከትያት ስወርድ ቀጥታ ወደ ጎርፉ ሄደች።

«የእህቴን አንሶላ አንተ ነህ የተኮስከው?»

«የማንን እንደተኮስኩ በምን አውቃለሁ? አንቺ አንዱን ስታሽሞነሙኚ ሌላውን ማን ይተኩሰው?»

«ደግሞ ተኮስኩ ትላለህ። ያሸኸው ነው የሚመስለው።»

«እኔ አጣቢ ነኝ እንጂ ተኳሽ ነኝ ብያለሁ?»

«ቢያንስ ጸልየህበታል?» አለችው፤ መልስ እንኳን የጠበቀች አይመስለኝም።

ጎርፉ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። ቁልፉን ያለ ምክንያት ነካ ነካ አደረገው። «ያው... ያንቺኑ ነው ያልኩት። የሚተኛውን አንተ ታውቀዋለህ፣ ምናምን። ሌላ አላውቅም። ስንት ዓመት ጆሮዬ ላይ ስትይው ኖረሽ፣ ካውያ ስይዝ እሱ ነው የሚመጣልኝ። ለእያንዳንዱ ነው ያልኩት ደግሞ፤ አንዴ ለሁሉም አይደለም።»

አክስቴ ከረጢቶቹ ላይ ቁጭ አለች። የሥራ ካፖርቷን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ጎርፉ የሰደባት መስሎት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ።

«ተው ወንድሜ» አለችው። «ለካ እኔ ዝም ስል እግዚአብሔር ዝም አላለም። እህቴን የተወብኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን እየተጸለየላት ነው የተኛችው።»

የቀዶ ጥገናው ዕለት ኮሪደሩ ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ጎርፉም የጎማ ቦቲውን እንዳደረገ መጥቶ ከአጠገባችን ተቀመጠ። ጠዋት ከቤት ስንወጣ አክስቴ «ሐኪሙ ሲመጣ አንቺ ሂጂና ስሚልኝ፤ እኔ አልችልም» ብላኝ ነበር። እኔም እንዴት እንደምችል ሳላውቅ እሺ ብያታለሁ።

ብዙ ቆየን። ከዚያ አክስቴ፣ አጠገቧ ከተቀመጠ ሰው ጋር እንደምታወራ ሁሉ፣ መናገር ጀመረች።

«ጌታዬ፣ እህቴ ናት። ያሳደገችኝ ናት። እንድታቆይልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህን አልደብቅህም። ብትወስዳት አለቅሳለሁ፤ ምናልባትም አኮርፍሃለሁ። ግን ከአንተ ሌላ የት እሄዳለሁ? እያለቀስኩም ቢሆን የምመጣው አንተው ጋ ነው። ይህን ልነግርህ ብዬ ነው።»

ጎርፉ «አሜን» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ የቦቲውን ጫፍ እያየ። እኔም አልኩ።

በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ወጣ። ልነሳ ስል አክስቴ ቀድማኝ ተነስታለች። ቀሚሷን ሳታስተካክል፣ ወደ እኔም ሳታይ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ዕጢው ወጥቷል» አላት። «እሷም ደህና ናት። ናሙናው ግን ይመረመራል። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ምንም ልላችሁ አልችልም።»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። «እንጠብቃለን» አለች። ከዚያ ፊቱን አየችው፤ ግንባሩ ላይ የኮፍያው ምልክት ታትሞ ቀርቷል፣ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ዶክተር፣ ቆመው ነው የዋሉት። ጎርፉ፣ አንተ ተነስለት።»

«እኔስ ሠራተኛ አይደለሁ?» አለ ጎርፉ፣ እየተነሳ።

ሐኪሙ ትንሽ አመነታና ተቀመጠ። አክስቴም ከጎኑ ተቀመጠች፤ እህቷ መቼ እንደምትነቃ፣ መጀመሪያ ምን እንደምትጠጣ፣ ሕመሙ እስከ መቼ እንደሚቆይባት፣ አንዱን መልስ ስትሰማ ሌላውን እያስከተለች ትጠይቀው ጀመር።