ወገቡን አሞት ወንዛዬ የሄደው አማች

ወረታ መገንጠያው አጠገብ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ በሚለይበት፣ ባልዲና ምንጣፍ፣ ነጠላ ጫማና ሻሽ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ሸሪፋ ናት። ሸሪፋን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገሯን ያውቃል፤ የቤቷን ገመና ለሰው አታወጣም። ጣራዋ አፍስሶ ወለሉ ውሃ ቢሞላ እንኳ ለጎረቤት "ቤቱን እያጠብሁት ነው" ትላለች። ከቤተሰቧ ጋር መነጋገር ሲያስፈልጋት ደግሞ፣ መነጋገር ስንል መጨቃጨቅ ማለታችን ነው፣ መጀመሪያ ሬዲዮኑን ትከፍትና እስከ መጨረሻው ታስጮኸዋለች። ክፋቱ ሸሪፋ ሬዲዮ የምትከፍተው ለዚህ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሬዲዮኑ በጮኸ ቁጥር የሠፈሩ ሰው የያዘውን ትቶ "ዛሬ ደግሞ ምን ተፈጠረ?" ይባባላል። ይህን ለእሷ የነገራት የለም፤ እኛስ ምን በወጣን።

ባሏ ታጁ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ተኳርፈው ልብሱን ጠቅልሎ እህቱ ቤት ገባ። የእህቱ ቤት ያለው ከሱቁ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ታጁ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሻዩን ሲጠጣ ደንበኛው ሁሉ እያየው፣ ሸሪፋ ዓይኗን በጨው አጥባ "ወገቡን አሞት ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዷል" ትል ነበር። አንዳንዱ ተንኮለኛም ታጁን ሰላም ብሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ "ታጁ እንዴት ነው፣ ተሻለው?" ይላታል። "ውሃው እየበጀው ነው" ትላለች። ከዚያ ወዲህ በሠፈሩ ከሚስቱ የተኳረፈ ባል ሁሉ "ወንዛዬ ወርዷል" ይባላል።

ታጁ ሲሞት ለሸሪፋ የቀረቻት አንድ ልጇ ሰሚያ ብቻ ናት። ሰሚያ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ በአንዱ በጸሐፊነት ስትሠራ ነው ከረፊቅ ጋር የተዋወቀችው። ረፊቅ የባንግላዴሽ ሰው ነው። የመፈልፈያ ማሽን የሚተክል ድርጅት በሥራ ቪዛ አምጥቶት ማሽኑን ይገጥማል፣ ሲበላሽም ይጠግናል። የመጣው በክረምት ነበር። የፎገራ ሜዳ በውሃ ተሸፍኖ ሰው ከብቱን ወደ ደረቅ መሬት እያሸሸ ሳለ፣ ረፊቅ የጭነት መኪናው ላይ ቆሞ ሜዳውን እያየ ይስቅ ነበር አሉ። የእሱም አገር በክረምት እንዲሁ በውሃ ይሸፈናልና አገሩን ያየ መስሎት ነው። ሸሪፋ ግን ይህን ስትሰማ "ጎርፍ አይቶ የሚስቅ ሰው ጤነኛ ነው?" አለች።

ጤነኛ ብቻ ሳይሆን ሰላቱን የሚያከብር፣ እጁ ሙያ ያለው፣ አንገቱን የደፋ ሰው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሐጂ መሐመድሰዒድ፣ ከሸሪፋ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት አዛውንት፣ ስለ ረፊቅ ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች። ሐጂ እንደ ወጉ እሺ እስኪባሉ ድረስ አልቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ስለምታውቅ ቶሎ እሺ አለቻቸው። ኒካሁ ታሰረ፣ ጋብቻው ማዘጋጃ ቤት ተመዘገበ፣ ረፊቅም ጓሮ ካለችው ክፍል ገባ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን ሸሪፋ በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ሰውየው በላ? ሰውየው ገባ?" ነው የምትለው።

በሰውየውና በአማቱ መካከል አንድ ትልቅ ጉዳይ ነበረ። ፎገራ ላይ ሩዝ ከጤፍ ጋር ይፈጭና እንጀራ ይሆናል። ረፊቅ ደግሞ የሩዙ ፍሬ ሳይሰበር እንዲወጣ ማሽን ሲያስተካክል የሚውል ሰው ነው። ያንን ሙሉ ፍሬ ሰው ተሸክሞ ቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤት ሲወስደው ማየት ዕለት ዕለት ያመው ነበር። ይሁን እንጂ ችሎ ኖረ፤ ባለፈው ዒድ ዋዜማ ግን የማይቻል ነገር ደረሰበት።

ለዒድ ማታ የአገሩን ምግብ ለጎረቤቱ በሙሉ ሠርቶ ሊያበላ አስቦ፣ ከራሱ ማሽን የወጣ ምርጥ ሩዝ፣ ሰባራውን በእጁ ለቅሞ ያጠራው፣ አንድ ጆንያ ሙሉ ጓዳ አስቀመጠ። ሸሪፋም ጓዳ ስትገባ ንጹሕ ሩዝ አገኘች፤ ዱቄቷ ደግሞ እያለቀ ነበር። አላሰበችበትም፤ አስጭና ወፍጮ ቤት ላከችው። የዒድ ዕለት ምሳ ላይ የቀረበው እንጀራ ነጭና ለስላሳ ሆኖ እንግዳው ሁሉ አደነቀ። ረፊቅም ከሁሉ ጋር ሁለት ጊዜ ጎረሰና ከጓዳ ያስቀመጥሁት ጆንያ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ሸሪፋ በእጇ ገበታውን አሳየችው። የሚጠይቀውን ሩዝ እየበላው ነበር።

ሬዲዮኑ ተከፈተ። በማግስቱ ረፊቅ ብርድ ልብሱን ይዞ መፈልፈያው ቤት ገባ፤ ሸሪፋም ለጠየቃት ሁሉ "ወገቡን አሞት ወንዛዬ ሄዷል" አለች። መፈልፈያው ያለው ከሱቋ ጀርባ ነው። ረፊቅ ማሽኑ ላይ ወጥቶ ብሎን ሲያጠብቅ ከሱቁ ወለል ብሎ ይታያል። በመጨረሻ ሐጂ መሐመድሰዒድ ሄደው፣ መክረው፣ እጁን ይዘው መለሱት። ሁሉም ያለፈው አለፈ ተባባሉ። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን ከሸሪፋ አፍ አልወጣም፤ ልቧ ውስጥ ግን ነበረ፣ ይቆረቁራትም ነበር።

እንዲህ ተስማምተው ሲኖሩ ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ወጣ። ድርጅቱ ሲወጣ የረፊቅ የሥራ ቪዛም አብሮ ሊያበቃ ሆነ። ሰሚያ እናቷን አስቀምጣ አስረዳቻት። ሌላ ቀጣሪ ተገኝቶ የሥራ ፈቃድ ካወጣለት ይቆያል፤ ለጊዜው የተገኘ የለም። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ መውጣት ይችላል፤ ጎብኚ ግን መፈልፈያ ሲበላሽ እያየ እጁን አጣጥፎ መቆም አለበት፣ ይህ ደግሞ ለረፊቅ ከእስር አይተናነስም። የቀረው ኢትዮጵያዊት ያገባ ሰው ብሎ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ለዚያም አዲስ አበባ ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ጋብቻው የእውነት መሆኑን ማመን አለበት።

"ኒካሁን ሸሁ አሰሩት፤ እኔ ፈቀድሁ፤ ማዘጋጃ ቤት መዘገበው። ሌላ ማን ቀረ?" አለች ሸሪፋ።

"መንግሥት ቀረ፣ እማ።"

ሰሚያ ቀጥላ፣ ካልተፈቀደለት አገሩ ተመልሶ ከዚያ መጠየቅ እንዳለበት፣ እሷም ይዛው እንደምትሄድ እንጂ ብቻውን እንደማትሰደው ነገረቻት። ሆዷ ገፍቷል። ሸሪፋ አንድ ልጇ ባንግላዴሽ ስትወልድ፣ እሷ ደግሞ ባልዲ ስትሸጥ ታያት። ያን ዕለት ሬዲዮኑን ሳትከፍት ነው ያለቀሰችው።

ሸሪፋ ግን ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። መፍቀድ የቀረው ሌላ አካል ካለ ሽማግሌ ይላክበታል፤ የምታውቀው ወግ ይኸው ነው። ሐጂ መሐመድሰዒድን ነጭ ጀለቢያቸውን አስለብሳ፣ ልጇንና ሰውየውን አስከትላ አዲስ አበባ ገባች። ባረፉበት ቤትም ባልና ሚስቱን ቁጭ አድርጋ አስጠናቻቸው። እዚያ ቢሮ ለየብቻ እንደሚጠየቁ ሰምታለች። ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ከተባሉ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም" እንዲሉ አዘዘች። ሰሚያ ልትከራከር ስትል፣ ገመናችሁን ለማታውቁት ሰው ልትዘከዝኩት ነው ወይ ብላ ገሠጸቻት።

ጉዳያቸውን የያዘችው ወለላ የምትባል ሠራተኛ ነበረች፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ግን የምትጠይቀውን የምታውቅ። መጀመሪያ ረፊቅን አስገብታ ጠየቀችው። በተሰባበረ አማርኛው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም አለ። ቀጥላ ሰሚያን አስገባች። ሰሚያም አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም አለች። ወለላ ብዕሯን አስቀመጠች። እሷም ባለትዳር ናት።

እናቲቱን አስጠርታ በትሕትና ነገረቻት። ለወረቀት ብለው የሚጋቡ ሰዎች አሉ፤ እነሱም እንዲህ አጥንተው ነው የሚመጡት። ሁለት ዓመት አብረው ኖረው አንድ ቀን ያልተጣሉ ባልና ሚስት አይታ አታውቅም። ስለዚህ ይህን ጋብቻ እውነት ነው ብላ መፈረም ይቸግራታል፤ ሰውየው ቪዛው ሳያልፍ ወጥቶ ከአገሩ ቢያመለክት ይሻላል።

በዚህ ጊዜ ሐጂ ተከትለው ገቡና ክፍሉ መካከል ቆሙ። ወለላ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወንበር ሳበችላቸው።

"አንቀመጥም፣ ልጄ" አሉ። "እሺ እስክትይን እንቆማለን።"

ወለላ ግራ ገባት። ሽማግሌ ቆሞ እሷ ልትቀመጥ አልቻለችም፤ ስለዚህ ሁሉም ቆሙ። እሺ፣ እርስዎ ጎረቤት ከሆኑ እነዚህ ልጆች ተጣልተው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሐጂ ጺማቸውን ዳበሱ። አስታራቂ ያስታረቀውን አያወራም፣ እዚህ ካወራሁ ወረታ ላይ ማን በሩን ይከፍትልኛል አሉ። ሸሪፋ ተራው የእሷ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ግራ ቀኝ ተመለከተች። ቢሮው ውስጥ ሬዲዮ አልነበረም።

"ሩዙን ያስፈጨሁት እኔ ነኝ" አለች።

ወለላ ምን ሩዝ ብላ ጠየቀች። ሸሪፋ አንዴ አፏን ከከፈተች በኋላ መመለሻ አጣች፤ ስለ ጆንያው፣ ስለ ዒዱ እንጀራ፣ ሰውየው ምሳውን እየጎረሰ ሩዙን እንደጠየቀ ሁሉንም ነገረቻት።

"ለሰው ወንዛዬ ሄደ አልሁ። አልሄደም። መፈልፈያው ቤት ጆንያ ላይ ነበር የሚተኛ። ምሳ እንዳትወስጅለት ብዬ ልጄን ከለከልኋት፤ በጓሮ ዞራ ስትወስድለት አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ። ይቅር በለኝም አላልሁት። ልጆቹን እንዲያ በሉ ያልኋቸውም እኔው ነኝ። እንዲያው ልጠይቅሽ፣ ለወረቀት የተጋባ ሰው በሩዝ እንዲህ ይኳረፋል?"

ይህን ስትል ላብ አጠመቃት፤ ሻሿን ፈትታ ፊቷን ጠረገች። ሐጂ የሰሙትን እንዳልሰሙ ጣራውን ይመለከቱ ነበር።

ወለላ ረፊቅን መልሳ አስገባችው። እናትየው ያለችውን አልነገረችውም፤ ለዒድ ያስቀመጥኸው ሩዝ ነበር፣ ምን ሆነ ብላ ብቻ ጠየቀችው። ረፊቅ አማቱን አየ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሻሿ በእጇ ነው። አንድ ነገር እንደ ወጣባት ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

"አይጥ በላው" አለ።

"አንድ ጆንያ ሙሉ?"

"ብዙ አይጥ። ፎገራ ውሃ ሲሞላ አይጥ ሁሉ ቤት ይገባል።"

ወለላ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በኋላስ ከቤት ወጥተህ የት ነበርህ አለችው።

ረፊቅ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። "ወገቤን አሞኝ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ነበርሁ" አለ። ከዚያም እውነት እንዲመስልለት ትንሽ አቃሰተ።

ሐጂ መሐመድሰዒድ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ሳቁ አሸንፏቸው፣ እሺ ሳይባሉ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ፤ በሽምግልና ዘመናቸው እንዲህ ሲሆኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ወለላም ሳቋ እስኪያልፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሲያልፍላት ወደ ሸሪፋ ዞራ፣ የእኔ ባለቤት ለእናቴ ብሎ እንዲህ ዋሽቶላት አያውቅም አለች። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ ፈረመች።

ሸሪፋ ከቢሮው እስኪወጡም፣ አውቶቡስ ውስጥም፣ መንገዱን በሙሉ ሰውየውን ስታየው ነበር። ወረታ መገንጠያው ላይ ወረዱ። ሰውየው የሁሉንም ሻንጣ ተሸከመ። ከሱቁ አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጥ ባየች የምትባል ሴት፣ ነገር ስትጠብቅ የሰነበተችው፣ ምነው ሁላችሁም ጠፋችሁ፣ ወንዛዬ ወርዳችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ተንኮሏን መንገደኛው ሁሉ አወቀ፤ ባጃጅ ነጂዎቹም ጆሯቸውን ጣሉ።

ሸሪፋ እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች። ከዚያ ሻንጣ የተሸከመውን ሰው ዞር ብላ አየችውና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ወንዛዬ አይደለም። የልጄን የረፊቅን ሩዝ ፈጭቼበት ነበር፤ ይቅርታ ልጠይቀው አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ መጣሁ።"

ባየች የያዘችው ሽንኩርት ከእጇ ወደቀ። ስሙን አማቱ ስትጠራው ሲሰማ የመጀመሪያው የሆነው ረፊቅ፣ ሻንጣዎቹን እንደተሸከመ በድንጋጤ ቀደም ቀደም ብሎ መጣ።

"አይጥ ነው" አለ ለባየች። "አይጥ ነው የበላው።"