ጳጉሜን የበላው ኮድ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የጀመረው በአንድ ፍላሽ ነው። ዶክተር ሙሳ፣ የጎርፍ ተመራማሪው አለቃዬ፣ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ፕሮግራሙ እዚህ ውስጥ አለ» አለኝ። ስከፍተው «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ «የእውነት የመጨረሻ» እና «ይህን አትንኩ» የሚሉ ፎልደሮች ተደርድረዋል።

«ሙሳ፣ የሚሠራው የትኛው ነው?» አልኩት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም፤ ዶክተርም ቢሆን አንተ ነው።

«ኢንሻአላህ፣ አንዱ» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ በፊት ለነጋዴዎች ሶፍትዌር ስሠራ ነበር የቆየሁት፤ ተመራማሪዎች እንዲህ እንደሚሠሩ የነገረኝ የለም። ዛሬ ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ሆኗል፤ ያን ፍላሽ ሳስብ ግን አሁንም እስቃለሁ።

ፕሮግራሙ ራሱ ቀልድ አልነበረም። ከከተማችን በላይ ያለው ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ በደረቁ ወንዝ ይወርዳል፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ይመጣል። ፕሮግራሙ የደጋውን ዝናብ አይቶ፣ ከተወሰነ ልክ ካለፈ፣ በወንዙ አሸዋ ላይ ለሚነግዱ ሰዎች በስልክ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ልኩን የምናወጣው ከብዙ ዓመት መረጃ ነው።

ከነጋዴዎቹ አንዷ የአባቴ እህት ናት። ኢዶ ፋጡማ እንላታለን፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ታይዋን ከምንለው የድሬ ገበያ ያመጣችውን ልብስ መጋላ ሰፈር አጠገብ አሸዋው ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። ስለ ሥራዬ ስነግራት አላደነቀችኝም።

«ናያ፣ አንቺ ሃምዳ! ስልኬ በከንቱ እየጮኸ ካስነሳኝ ሁለተኛ አልሰማችሁም። ውሃው መጥቶ ስልኬ ዝም ካለ ደግሞ የምይዘው አንቺን ነው» አለችኝ።

ከዚህ የጠራ የሥራ መመሪያ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ፎልደሮቹን ሁሉ ወደ አንድ አመጣሁና ጊት የሚባለው መሣሪያ ውስጥ አስገባሁ። ጊት ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይይዛል፤ ወደ ኋላም ይመልሳል። አንድ ጠዋት ሙሳ የሳምንት ሥራውን በስህተት አጥፍቶ አመድ መስሎ መጣ። በአንዲት ትእዛዝ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ጊትን የሚያማ ሰው ፊቱ አይቆምም።

ቀጥሎ ስሞቹን ያዝኩ። ኮዱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ኤክስ፣ ኤክስ ሁለት፣ ኤክስ ኤክስ ነው የሚባለው።

«ኤክስ ኤክስ ምንድነው?»

«ዝናብ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«አቦ አትጨቅጭቂኝ፣ ዝናብ ነው!»

የወንዙ ውሃ ከፍታ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን እያንዳንዱን ነገር በስሙ መጥራት ጀመርን።

የተጣላነው ቴስት ላይ ነው። ቴስት ዋናው ኮድ የሚጠበቅበትን መሥራቱን የሚያጣራ ሌላ አጭር ኮድ ነው። የከተማው ኃላፊዎች ልኩን ሊያጸድቁ ቀጠሮ ሰጥተውናል፤ ሙሳ ደግሞ ቸኩሏል።

«ፈተና ለተማሪ ነው፤ እኔ ተመርቄያለሁ» አለኝ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አልኩት።

«እሺ፣ አንድ ብቻ!»

አንዱን በጣም ቀላል አደረግሁት። የደጋው ዝናብ በየቀኑ የሚመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኮዱ ወደ ፈረንጅ ይለውጠዋል። ቴስቱ የሚጠይቀው ይህንን ብቻ ነው፦ የገባው ረድፍ፣ ማለትም የእያንዳንዱ ቀን መዝገብ፣ ሁሉ ወጥቷል? አስነሳሁት። ቀይ! ቴስቱ ወድቋል፤ የጎደለ ረድፍ አለ።

«ትንሽ ነው የጎደለው። የተበላሸ መረጃ ይሆናል፣ እለፊው» አለ ሙሳ።

እኔ ግን ቀይ ሳይ አልተኛም። የጎደለውን በየዓመቱ ከፋፍዬ አወጣሁትና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «አምስት። አምስት። አምስት። ስድስት። አምስት። አምስት። አምስት። ስድስት...»

ሙሳ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተያየን። «ጳጉሜ!» ብለን እኩል ጮህን።

ኮዱን ከፈትኩት። ሙሳ ውጭ አገር ሲማር የጻፈው መስመር ቁጭ ብሏል፦ ወር ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ስህተት ነው፣ ጣለው። እዚያ እውነት ነው። እዚህ በየዓመቱ ጳጉሜን እያነሳ ሲጥል ኖሯል፣ ያውም አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

«ዋሪያ ሙሳ፣ ጳጉሜን በላሃት!»

«ወላሂ በላኋት!» አለና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ወንበሬን ገልብጬ ተነሳሁ። በዚህ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም።

ሳቁ የቆመው መረጃውን መልሰን ስናስገባ ነው። አንድ ዓመት ጳጉሜ ላይ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ኮዱ ዝናቡን ስለጣለው ውሃው ከየት እንደመጣ አልታወቀም፤ ሙሳም የመለኪያው ብልሽት ነው ብሎ ጎርፉን ከመረጃው አስወጥቶታል። አሁን ዝናቡ ተመለሰ። ብዙ አልነበረም፤ ካወጣነው ልክ በታች ነው። እንዲህ ያለ ቀን ቢደገም ፕሮግራማችን ዝም ይላል ማለት ነው። ኢዶ ፋጡማ አሸዋው ላይ ተቀምጣ በሐሳቤ ታየችኝ።

«ክረምቱን ሙሉ የጠጣ መሬት ነው» አለ ሙሳ ቀስ ብሎ። «እንኳን ዘንቦበት እንዲሁም ጤዛ ነው። ጳጉሜ ላይ ትንሽ ዝናብ ይበቃዋል።»

ስልኩን አንስቶ ከከተማው ኃላፊዎች አንዱ ዘንድ ደወለ። የኃላፊው ቁጣ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አልቋል አላላችሁም ነበር?»

«ብለን ነበር። አንድ ወር ረስተን ነው።»

«የቱን ወር?»

«ጳጉሜን።»

የኃላፊው ሳቅ ተሰማኝ። ቀጠሮውን አራዘመልን።

ልኩን እንደገና ሠራነው፤ አሁን የመሬቱን እርጥበት ያያል፣ ክረምቱ ሲያልቅ ዝቅ ይላል። ሙሳ ለጳጉሜ ስድስት የሚሆን ቴስት በራሱ እጅ ጻፈ። ቴስቱ አልፎ አረንጓዴ ሲሆን ጎል እንደተቆጠረ ሁሉ አጨበጨበ።

ልኩ በጸደቀ በመጀመሪያው ጳጉሜ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ መልእክቱ ወጣ። ወደ ወንዙ በረርኩ። ኢዶ ስልኳን ይዛ ሰማዩን ታያለች።

«ደመና እንኳ የለም! አብዳችኋል?»

«ኢዶ፣ በአላህ ተነሺ!»

እየተራገመች ልብሷን ጠቀለለች። እሷ ስትነሳ ያዩ ሌሎቹም ተነሱ። ዳር ላይ ቆመን ጠበቅን፤ አሸዋው ባዶ ነው። አንዳንዱ ማጉረምረም ሲጀምር ውሃው ጭቃና ግንድ እየገፋ መጣና የተነሱበትን ሁሉ ሸፈነው። ኢዶ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ። በደስታ አለቀስኩ።

ሙሳ ደወለ። «መጣ?»

«መጣ!»

«ሰዉስ?»

«ሁሉም ዳር ላይ ነው።»

ወደ ሙያው ለምትገቡ የምለው ይኼው ነው። ወደ ፕሮግራማችሁ የገባውንና የወጣውን ቁጠሩ። ከጎደለ፣ የጎደለውን በስሙ ሳታውቁት ውጤቱን ለማንም አትስጡ።